ከአምስት ዓመት በኋላ የሚመጣ ገዢ

አቶ ባምላክ ገና ጎረምሳ ሳሉ፣ አዲስ ቅዳም ገበያ ዳር ሁለት ሰዎች ሲጨዋወቱ ሰምተው ነበር። ሰዎቹ እነማን እንደነበሩ ዛሬ በደንብ አያስታውሱትም። አንደኛው ካቦርት የለበሰ የጭነት መኪና ባለቤት ይመስላቸዋል፤ ሁለተኛው መምህር ሳይሆን አይቀርም። ባለ ካቦርቱ «ከተማ እስካለ ድረስ ከሰል የሚሸጥ ሰው አይራብም» አለ። ሌላው መለሰለት። ረዘም ያለ መልስ ነበር፤ ባለ ካቦርቱም አንገቱን ደፍቶ ሰምቶታል። ባምላክ ግን ያን ጊዜ አህያቸው ከሰው እህል ውስጥ አፏን አስገብታ ኖሮ እሷን ሊመልሱ ሮጡ። ሰው ከሰማው ነገር ግማሹን ይዞ ዕድሜውን ሙሉ ሊኖርበት ይችላል፤ እሳቸውም ኖሩበት።

የያዙት ግማሽም አላሳፈራቸውም። የወረዳቸው የፋግታ ለኮማ መሬት ኮምጥጦ ገብስ አልሰጥ ባለ ጊዜ አገሬው ዲከረንስ የሚባለውን ፈጥኖ የሚያድግ ዛፍ መትከል ጀመረ። ዛፉ በአራት በአምስት ዓመት ይደርሳል። ተቆርጦ ይከመራል፤ በሣርና በአፈር ይሸፈንና ውስጥ ውስጡን እየነደደ ከሰል ይሆናል። አቶ ባምላክ ከጎረቤታቸው ቀድመው ተከሉ። ቤታቸው ቆርቆሮ ለበሰ። አንዲት ልጃቸው ሀይማኖት ባሕር ዳር ተምራ፣ ሥራ ይዛ፣ እዚያው ትዳር መሠረተች። ከጥቂት ዓመታት በፊት ቅጠሉን እንደ ዝገት የሚያለብስ በሽታ ገብቶ ዛፉን ሲያደርቀው እንኳ «የእግዚአብሔር ቁጣ ነው፤ ያልፋል» አሉና በደረቀው ፈንታ ሌላ ተከሉ።

አሁን ዛፍ ያልተተከለባት አንዲት ማሳ ቀርታቸዋለች። ከቤቱ በላይ ስላለች የላይ ማሳ ይሏታል። የቤቱ ገብስና ድንች የሚወጣው ከእሷ ብቻ ነው። በዚህ ግንቦት አቶ ባምላክ እሷንም ዲከረንስ ሊተክሉባት ቆረጡ። ለባለቤታቸው ለወይዘሮ እህተማርያም ሲነግሯቸው፣ «እርስዎ ካሉ» ብለው ፊታቸውን ወደ እሳቱ መለሱ። እንዲህ ያለ መልስ ሁሉ እሺታ አይደለም፤ አቶ ባምላክ ግን እንደ እሺታ ቆጠሩት። እንጅባራ ዳር ችግኝ ለሚያፈላው ለምንይችል ቀብድ ሰጡ፤ ክረምቱ ሳይገባም ቁርጡን ሊነግሩት አንድ ማለዳ መንገድ ዳር ቆመው ከዳንግላ የመጣ ሚኒባስ ያዙ።

ሲገቡ በመስኮቱ በኩል የተቀመጠች ወጣት ብድግ አለች።

«ጋሼ ባምላክ! እንዴት አደሩ? ይምጡ፣ እዚህ ይቀመጡ፤ በዚያ በኩል ነፋስ ይገባል።»

የምሥራች ነበረች፤ የወይዘሮ እህተማርያም የክርስትና ልጅ። በእንጅባራ ዩኒቨርሲቲ ኢኮኖሚክስ ተምራ፣ ዛሬ ዳንግላ ውስጥ በአንድ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር ትሠራለች።

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ልጄ። እናትሽ ደኅና ናት? ከስተሻል። ያ ዳንግላ እህል የለውም እንዴ?»

«እህሉስ አለ፣ ጋሼ። ዋጋው ነው አላስጠጋ ያለን።»

እንዲህ እየተባባሉ እንጅባራ ሊገቡ ጥቂት ሲቀራቸው የኋላው ጎማ ፈነዳ። ሾፌሩ አስማረ ወርዶ ጎማውን አየና፣ «የቸኮላችሁ ካላችሁ ይቅርታ፤ እኔም ቸኩዬ ነበር» አለ። መንገደኛው እየሳቀ ወረደ። አቶ ባምላክና የምሥራች መንገዱ ዳር ካለች ሣር ላይ ተቀመጡ። በዚያው ቅጽበት ከሰል እስከ ላይ የጫነ አይሱዙ እያቃሰተ አለፈ። አቶ ባምላክ በበትራቸው አሳዩዋት።

«አየሽው? አንድ ቀን ቆሞ አያውቅም። እኔም ዛሬ ወደ ምንይችል የምሄደው ለዚሁ ነው። የላይ ማሳን ዲከረንስ ላለብሳት ነው።»

የምሥራች መኪናው ወደሄደበት አየች። በዚህ አገር ልጅ የታላቅን ነገር ቶሎ አይነቅፍም፤ ቢነቅፍም መንገድ ፈልጎ ነው።

«የክርስትና እናቴ ገብስ የሚዘሩባትን?»

«እሷኑ። ገብስ ከገበያ ይገዛል።»

«ሁሉ ሰው ከገበያ የሚገዛ ከሆነ፣ ጋሼ፣ ገበያው ከማን ይገዛል?»

«ከእኔ!» አለ አስማረ ከመኪናው ሥር። «እኔም ማሳዬን ዛፍ ተክዬበታለሁ፤ እናንተ ግን ተስፋ አትቁረጡ!»

አቶ ባምላክ ሳቁ። ቀልዱ ግን እንደ እሾህ ትንሽ ወጋቸው፤ ባለፈው ዓመት ገብስ ፍለጋ ሦስት ገበያ ዞረዋልና።

«አንቺ የተማርሽው ስለ ንግድ ነው» አሉ። «እስቲ ንገሪኝ፤ ከሰል የሚገዛ ሰው አልቆ ያውቃል?»

«የመመረቂያ ጽሑፌን የጻፍኩት ስለ ድንጋይ ከሰል ነበር፤ አገር ከአገር በመርከብ ስለሚገዛዛው።»

«እሱማ የእኛ ከሰል አይደለም።»

«አይደለም። ያኛው ከምድር ሆድ ተቆፍሮ ይወጣል፤ የእኛው ከዛፍ ነው። የገዢ ጠባይ ግን በሁለቱም ዘንድ አንድ ነው ብዬ ነው።»

«ታዲያ ዓለም መግዛት አቆመ?»

«አላቆመም፣ ጋሼ። እርስዎን መዋሸት አልችልም። በቅርብ ዓመታት ዓለም ያነደደው የድንጋይ ከሰል ከቀደመው ዘመን ሁሉ የበለጠ ነበር።»

አቶ ባምላክ በትራቸውን መሬት ላይ መቱ። «ይኸው! በገዛ አፍሽ!»

«ተማሪዋ በራሷ ምስክር ተረታች!» አለ አስማረ። «ጋሼ፣ ይግባኝ ሳትጠይቅ ፍርዱን ያስጽፉ!»

የምሥራችም አብራ ሳቀች። ሙግት የሚያምረው የተሟጋችን እውነት ሳይሸሽጉ ሲሟገቱ ነው፤ እውነቱን ደብቆ ያሸነፈ ሰው ማታ ብቻውን ሲቀር ይሸነፋል።

«ይግባኝ እጠይቃለሁ» አለች። «እንግሊዝ የድንጋይ ከሰል በማንደድ ዓለምን ሁሉ የቀደመች አገር ናት። በከሰል ይሠራ የነበረውን የመጨረሻውን የመብራት ማመንጫዋን ዘግታዋለች። በአንድ ጀምበር አይደለም፤ ዛሬ አንዱን፣ ከርሞ ሌላውን እያለች ነው። ቻይናና ሕንድ ዛሬም ትልልቆቹ ገዢዎች ናቸው። ግን ምን ያደርጋሉ? ከገዛ መሬታቸው የሚቆፍሩትን ያበዛሉ፤ ከባሕር ማዶ የሚመጣውን ለመቀነስ። በሌላ በኩል የፀሐይና የነፋስ መብራት እንደ ጉድ ይተክላሉ። የእኛም አገር ሲሚንቶ ፋብሪካዎች ከደቡብ አፍሪካ ያስመጡት የነበረውን ከሰል በአገር ውስጥ ለመተካት ሲሠራ ቆይቷል። እንግዲህ ያ ከሰሉን ቆፍሮ፣ የባቡር ሐዲድ ዘርግቶ፣ ወደብ ሠርቶ የሚሸጠው አገር ምን አጠፋ? ምንም አላጠፋም። ገዢውም አልተጣላውም። ገዢው ያለ እሱ መኖርን ቀስ እያለ ተማረ እንጂ።»

አቶ ባምላክ ጥቂት አሰቡ። ነገሩ እንግዳ አልሆነባቸውም። ቀድሞ ከእሳቸው አህያ ለጭነት ይከራይ የነበረ ነጋዴ አንድ ቀን ባጃጅ ገዝቶ ሲመጣ አይተዋል፤ እሱም አልተጣላቸውም ነበር።

«ይህ የባለጠጋ አገር ወሬ ነው» አሉ እንዲያም ሆኖ። «እኛ አገር መብራት ይጠፋል። መብራት በጠፋ ዕለት ከተሜው ሁሉ ወደ ከሰል ይሮጣል።»

«ይሮጣል፤ አልክድም። ነገር ግን፣ ጋሼ፣ በየቀኑ የሚያበስልበት ሰውና ለክፉ ቀን ብሎ ጥግ የሚያስቀምጥ ሰው እኩል ይገዛሉ?»

አቶ ባምላክ በበትራቸው ጫፍ ሣሩን ቆረቆሩ።

«አንድ ነገር ደግሞ አለ። ዛሬ ያለፈው መኪና የጫነው ከአምስት ዓመት በፊት የተተከለውን ነው። እርስዎ ዘንድሮ የሚተክሉትን የሚገዛው የዛሬ ገዢ አይደለም፤ ከአምስት ዓመት በኋላ የሚመጣው ነው። እሱን እስካሁን አላየነውም። ዓባይ ላይ ግድቡ ቆሟል፤ መብራቱ ዛሬ ቢቆራረጥም ነገ እየተስተካከለ ይሄዳል። ዛፍ የሚተክል ሰው መኪናውን ሳይሆን የገዢውን ጓዳ ነው ማየት ያለበት።»

አቶ ባምላክ ተናደዱ። የተናደዱት መልስ ስላጡ አልነበረም፤ መልስ ነበራቸውና ነው።

«ጓዳ አልሽ? ጓዳማ እኔም አለኝ! ሀይማኖት ከተሜ አይደለችም? የመንግሥት ሠራተኛ አይደለችም? መብራትም ቤቷ ገብቷል። እንዲያም ሆኖ ለፋሲካ፣ ለእንቁጣጣሽ፣ ለገና፣ ከክምሬ መርጬ፣ ሲመቱት እንደ ብረት የሚጮኸውን አንድ ጆንያ እልክላታለሁ። ደረሰኝ፣ ተባረኩ ትለኛለች። አንድ ቀን ይቅርብኝ ብላ አታውቅም። እንዲያውም አሁን ራሷ ትንገርሽ!»

ስልካቸውን ከካቦርታቸው አወጡ። ኔትወርኩ አስቸገረ፤ ተነሥተው ወደ አስፋልቱ ጠጋ ሲሉ ገባላቸው። ሁሉም ይስማ ብለው ድምፁን ከፍ አደረጉት።

«አባዬ? ደኅና ነዎት? ምን ሆኑ?»

«ደኅና ነኝ፤ ምንም አልሆንኩም። አንድ ነገር ልጠይቅሽ ነው፤ ንስሐ አባትሽ ፊት እንደቆምሽ እውነቱን ንገሪኝ። ያ ለፋሲካ የላክሁልሽ ከሰል እንዴት ነው? ጥሩ ይነዳል?»

አስማረም የጎማ መፍቻውን ይዞ ቆመ።

«አባዬ…»

«በይ።»

«እኔ እንኳ… በረንዳ ላይ ነው።»

«የፋሲካው?»

«የገናውም።» ድምፅዋ ዝቅ አለ። «ቤት ስንቀይር በመብራት የሚሠራ ስቶቭ አስገባን። ሁሉን የማበስለው በእሱ ነው። የእንቁጣጣሹን በቆሎ ለምትጠብስ ጎረቤቴ ሰጠኋት። አይቆጡኝ።»

«ታዲያ ስልክ ሞልቶ ምነው አልነገርሽኝ?»

«እርስዎ በትከሻዎ ተሸክመው አውቶቡስ ላይ ያስጫኑትን እንዴት ብዬ አልፈልግም እላለሁ? አፌስ እንዴት ብሎ?»

አቶ ባምላክ «ተባረኪ፤ ልጆቹን ሳሚልኝ» ብለው ዘጉ። ትንሽ ራቅ ብለው ሄደው ጀርባቸውን ሰጥተው ቆሙ። በልጃቸው አልተቀየሙም። ያሳዘናቸው ሌላ ነው፤ ክምሩን ሲጠብቁ ዓይናቸው እስኪቀላ ያደሩበት፣ ከሁሉ መርጠው የላኩት ከሰል በአንድ በረንዳ ላይ አቧራ ሲለብስ ታያቸው። በአክብሮት ውስጥ ዝም ያለች ልጅ፣ በፍቅር ውስጥ ያልጠየቀ አባት፤ በመካከላቸው ማንም ያልፈለገው ጆንያ በየበዓሉ ይመላለስ ነበር።

የምሥራች አልተከተለቻቸውም። ባሸነፈችበት ሰዓት ዝም ማለትን ከማን እንደተማረች እንጃ፤ ከዩኒቨርሲቲ ግን አይመስልም። አስማረም እንደዚያው አንድ ቃል አልቀለደም።

ሲመለሱ አቶ ባምላክ ቀስ ብለው ተቀመጡ።

«አንዲት ልጅ ዓለም አይደለችም» አሉ።

«አይደለችም፣ ጋሼ።»

«ግን ከተሜ ናት።»

«ናት።»

«የምወዳትና የምትወደኝ ገዢ እንዲህ ከሆነች፣ የማያውቀኝ ገዢማ…» አልጨረሱትም። «ታዲያ ምን አድርግ ነው የምትዪኝ? ከታች ያለውን ዛፍ ልንቀለው?»

«ኧረ በፍጹም! እሱ ይኑር፤ ሲደርስ ይቁረጡና ይሽጡት። ዛፉ ባለውለታችን ነው፤ እኔንም ያስተማረኝ የአባቴ ዲከረንስ ነው። እኔ የምለው፣ ቤት ሁሉ በአንድ ምሰሶ አይቁም ነው። የቀረችውን አንዲት የእህል ማሳ አይስጡት።»

አቶ ባምላክ ለራሱ እንደሚናገር ሰው፣ «ዮሴፍስ ለፈርዖን በጥጋቡ ዘመን እህል አከማች ነው ያለው» አሉ። «ከሰል አከማች አላለውም።»

«አሁን ነው ፍርዱ የተጻፈ!» አለ አስማረ፣ ከዚህ በላይ ዝም ማለት አቅቶት።

«አንተ ጎማህን ፍታ!» አሉት፤ ፊታቸው ግን ፈታ ብሎ ነበር። ወዲያው ሌላ አሳብ መጣባቸው። «ማሳዋም እኮ ጤና የላትም። ባለፈው ዓመት ገብሱ ቀጭጮ፣ ቢጫ ሆኖ ነው የቀረ። ዛፍ ያሰኘኝ እሱም ጭምር ነው።»

«መሬቱ ስለኮመጠጠ ነው። ኖራ ይፈልጋል።»

«ኖራ ግድግዳ ሲቀቡበት ነው የማውቀው።»

«ለመሬትም መድኃኒት ነው። የተፈጨ ኖራ በማኅበራችን መጋዘን አለ። አሁን ተበትኖ ከአፈሩ ጋር ከታረሰ ለሰኔ መጨረሻ ዘር ይደርሳል። በአንድ ዓመት ሁሉም ነገር ይድናል አልልዎትም፤ ግን ገብሱ ልዩነቱን ራሱ ያሳይዎታል።»

«ለምንይችልስ? ቀብድ ሰጥቻለሁ፤ ቃል ገብቻለሁ። ሰው ያለ ቃሉ ምንድን ነው?»

ለዚህ የምሥራች መልስ አልነበራትም፤ የለኝም ብላም ነገረቻቸው። መልሱን ያገኙት እሳቸው ራሳቸው ናቸው። ጎማው ተቀይሮ መኪናው ሲነሣ በመስኮቱ ወደ ውጭ እያዩ፣ «ከታች በጎርፍ የምትበላ ቦረቦር አለችኝ» አሉ። «በየክረምቱ ከመሬቴ ትቆርሳለች። ችግኙ እዚያ ዳር ዳሩን ቢተከል አፈሩን ይይዝልኛል። ከሰል ባይሆንም አጥር ይሆናል።»

ምንይችል ችግኝ ጣቢያው በር ላይ ጠበቃቸው። የነገሩትን ሲሰማ ጭንቅላቱን አከከ።

«ጋሼ፣ ይህ ሁሉ ችግኝ እኮ ስምዎን ለምዷል! ማታ ማታ አቶ ባምላክ መቼ ነው የሚመጡት ይለኛል።»

«ግማሹን ስሜን አስረሳው። ግማሹን ለቦረቦሯ እወስዳለሁ፤ ቀብዱም ለእሱ ይታሰብ። ቃሌን አላጠፍኩም፤ ቦታውን ነው የቀየርኩት።»

ምንይችል ትንሽ አጉረመረመ፤ ሽምግልና ሳያስፈልግ ግን ተስማሙ። ግማሽ ቃል ከጠብ ይሻላል።

አቶ ባምላክ ቤታቸው ሲደርሱ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም ነበር። ወይዘሮ እህተማርያም ጓዳ ውስጥ ማራገቢያ ይዘው እሳት እፍ እያሉ ነው። ጥሩው ከሰል ሁልጊዜ ለሽያጭ ስለሚወጣ ለቤቱ የሚቀረው ብናኙና እርጥብ ቅርንጫፉ ነበር። አቶ ባምላክ ይህንን ለዓመታት ያዩት ነገር ነው፤ ዛሬ ግን በሩ ላይ ቆመው አዩት። ጢሱ ዓይናቸውን አስለቀሳቸው። ከክምሩ ጢስ ይልቅ ይህ ይከፋል።

«የላይ ማሳን ዛፍ አልተክልባትም» አሉ። «ገብስሽን ዝሪባት።»

ወይዘሮ እህተማርያም ቀና አሉ። «ማን መክሮዎት ነው?»

«የክርስትና ልጅሽና የአብራኬ ክፋይ ተባብረው።» ነገሩን ሁሉ ነገሯቸው፤ ስለ ባሕር ማዶ ገዢዎች፣ ስለ ግድቡ፣ ስለ በረንዳው ጆንያ። ወይዘሮ እህተማርያም ስለ በረንዳው ሲሰሙ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፈኑ፤ ሳቅ ይሁን ኀዘን አቶ ባምላክ አልለዩትም።

ከዚህ ምክር የሚገኘው ጥቅም ግልጽ ነው። ማሳቸውን የያዙ ሰዎች ገበያ ሲወደድም ቀለብ አያጡም፤ ዛፉ ዳግመኛ ቢታመም ቤቱ አብሮት አይታመምም፤ ቦረቦሯ ስትድን የታችኛው ጎረቤትም መሬት ይድናል። አገር ሁሉ እያነደደ ያለውን እሳት በአንድ ጊዜ እንዲያጠፋ የጠየቀው የለም። የሚሸጥ ሰው ግን ገዢው ወዴት እያየ እንደሆነ ቀድሞ ቢያይ ከብዙ ጸጸት ይድናል። ጢስ ያልገባበት ሳንባም ከሁሉ የሚበልጥ ሀብት ነው።

ወይዘሮ እህተማርያም ግን ይህን ሁሉ አልተናገሩም። እሳቱን አንድ ጊዜ እፍ ብለው፣ ሳል ይዟቸው ቆይተው፣ እንዲህ አሉ።

«ስለ ማሳው እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አንድ ነገር ልለምንዎት። የመብራቱ ምሰሶ በደጃችን ካለፈ ስንት ጊዜው ነው። ልጄ ቤት የገባው እሳት ለእኔ አይገባም?»

አቶ ባምላክ ከሰል ሻጭ ቤት የኤሌክትሪክ ምድጃ ገባ ተብሎ በገበያው የሚወራውን አሰቡ፤ አስማረ የሚለውንም ገመቱ። ከዚያ በርከክ ብለው ከወይዘሮ እህተማርያም እጅ የእሳት ማራገቢያውን ተቀበሉ።

«እሺ» አሉ። «ሰኞ ዳንግላ ወርጄ ኖራውን አመጣለሁ፤ ራሴ እበትነዋለሁ። የታችኛው ዛፍ የተሸጠ ዕለት ደግሞ ሌላ ነገር ሳይገዛ መብራቱ ወደዚህ ጓዳ ይገባል።»